በአብርሃ ጅራ በር ዘግተን የሰነበትንባቸው ሳምንታት

ከጎንደር ወደ ምዕራቡ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ትክል ድንጋይን አልፎ ሳንጃ ሲደርስ ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል። ከሳንጃ ወዲያ ግን የሚያወርደው ልብስ ያጣል። የደጋው ነፋስ ከተራራው ጋራ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ምድሩ ይዘረጋል፤ በየሜዳው ግራር ተበትኖ ይታያል፤ ጥቁሩ ዋልካ አፈር በበጋው ፀሐይ ተሰነጣጥቆ የከብት ኮቴ እስኪይዝ ድረስ አፉን ይከፍታል። ይኸው አፈር ክረምት ሲገባ ጭቃ ሆኖ መኪናውንም በቅሎውንም አላሳልፍ ይላል። የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ አብርሃ ጅራ በዚህ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ናት። ሰሊጥ፥ ማሽላና ጥጥ የሚታረስባት አገር ናት፤ አብደራፊና የአንገረብ ወንዝ ጎረቤቶቿ ናቸው፤ የሱዳን ወሰንም ከርሷ ሩቅ አይደለም።

ወደዚች ከተማ የወረድነው በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የጫኑት አክስታችን እማሆይ ሁለቱንም ዐይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው ስለ ነበር፥ ወደ ጎንደር አምጥተን ለሐኪም ልናሳያቸው አሰብን። በዐሥር ቀን እንመለሳለን ብለን አንድ ቅያሪ ልብስ ብቻ ይዘን ሄድን። የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን ነበርና ወሬው ከእኛ ቀድሞ ወርዶ ነበር። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መጋቢት 14 ቀንም የየብስ ወሰኖች ከጭነት በቀር እንዲዘጉ ታዘዘ። እኛ ግን፥ እውነቱን እንናገርና፥ ነገሩ የአዲስ አበባና የአውሮፕላን ተሳፋሪዎች ጕዳይ ይመስለን ነበር። በመጋቢት መጨረሻ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ሲቆም፥ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ፥ አንዲት ቅያሪ ልብሳችንን ይዘን በእማሆይ ግቢ ውስጥ ቀረን። ዐዋጁ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብንና በእጅ መጨባበጥን ከለከለ።

ግቢው የቆላ ሰው ግቢ ነው። ሁለት ክፍል ያለው፥ ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ቤት አለ፤ ከፊቱ በማሽላ አገዳ የተከደነ ዳስ ቆሟል፤ በዳሱ ጥግ ውሃ የሚያቀዘቅዙ ሁለት ገንቦዎች በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ ዙሪያውን እሾህ ታጥሯል። በዚያ ግቢ እማሆይ፥ ምራታቸውና ሁለት የልጅ ልጆቻቸው ይኖራሉ። የልጆቹ አባት፥ ማለት የእማሆይ አንድ ልጅ፥ ሥራ ፍለጋ ወሰን ተሻግሮ ወደ ገዳሪፍ ከሄደ ሰባት ወር ሆኖት ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት እንዴት እንዳለፈ ስንጽፍ ማፈራችን አልቀረም። ጧት ፀሐይ ከወጣች በኋላ እንነሣለን፤ ከተነሣንም በኋላ ተመልሰን እንጋደማለን። ሬዲዮኑ ከንጋት እስከ ምሽት ይለፈልፋል፤ ዛሬ በጣልያን ስንት ሞተ፥ በአዲስ አበባ ስንት ተያዘ እያልን እንቈጥራለን። የቆርቆሮው ቤት በቀትር እንደ ምድጃ ይግላል፤ በሚያዝያ በዚያ ቆላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚበልጥበት ቀን ብዙ ነውና። በዚህም ላይ ልጆቹ ትምህርት የላቸውም፤ እርስ በርሳቸው ይናከሳሉ። እኛም ከምራታቸው ጋራ በአንዲት ጣሳ ውሃ ምክንያት እስከ መኰራረፍ ደረስን። ራስ ምታት፥ የእንቅልፍ ማጣት፥ የልብ ድንጋጤ መጣብን፤ አንዱን ቀን ከሌላው መለየትም ተሳነን። በሽታው ወደ ግቢያችን አልገባም፤ ነገር ግን ጤነኞች ነበርን ለማለት አንደፍርም።

እማሆይ ይህን ሁሉ በዐይናቸው ባያዩም በጆሯቸው ያዩት ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠሩንና፥

«ልጄ፥ ፀሐይ ከወጣች እስክትገባ ትተኛላችሁ፤ ሌሊቱን ደግሞ ስትገላበጡ እሰማለሁ። ቀናችሁን ማን ወሰደባችሁ?» አሉን።

መልስ አልነበረንም። እርሳቸው ግን የሚሉትን ያውቁ ነበር። የቆላ ሰው በቤት መከተትን የተማረው ከኮሮና አይደለም፤ ከፀሐይ ነው። በየዓመቱ ከየካቲት እስከ ግንቦት የዚያ አገር ሰው ከቀኑ 4 ሰዓት ጀምሮ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ከጥላ አይወጣም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዋልካው መንገዱን ይዘጋበታል። ይህን ሁሉ ዘመን ሳያብድ የኖረው ቀኑን በሁለት ከፍሎ ስለሚይዝ ነው። ብርቱው ሥራ ለንጋትና ለምሽት፥ የእጅ ሥራና ወግ ለጥላ ሰዓት ተመድቧል። እኛ የደጋ ሰዎች በፀሐይ ሰዓት ልንሠራ እየሞከርን ተቃጠልን፤ በሥራው ሰዓት ተኛን።

ከዚያች ቀን ወዲህ የግቢው ሥርዐት ተለወጠ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የእማሆይ ድምፅ ይሰማል። ውዳሴ ማርያምን በቃላቸው ስለሚያውቁ ዐይናቸው መጽሐፍ አላስፈለጋቸውም፤ እኛም እየተነሣን ከኋላቸው እንቆማለን። ጸሎቱ ሲፈጸም በርና መስኮት ይከፈታል፤ በሌሊቱ አየር ቤቱ ይናፈሳል፤ ግቢው ይጠረጋል፤ ውሃ ይቀዳል። ሐኪሞች ኋላ አየር የሚዘዋወርበት ቤት ከታፈነ ቤት እንደሚሻል ደጋግመው ሲናገሩ ሰምተን የእማሆይን መስኮት አስታወስን። ከ4 ሰዓት በፊት መስኮቱ ይዘጋል፤ መሬቱ ውሃ ይረጭበታል፤ ሁላችንም ወደ ዳሱ ጥላ እንገባለን። ልጆቹ እስከ ቀትር ፊደልና ንባብ ይቀጽላሉ። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ እንደገና እንቅስቃሴ ይሆናል፤ ልጆቹ በግቢው ውስጥ ይሯሯጣሉ፤ እኛም አጥሩን ዙሪያ እንደ እስረኛ ሳይሆን እንደ ዘበኛ ሃያ ጊዜ እንዞራለን። ሌሊት የምንተኛው በደጅ በጠፍር አልጋ ላይ ሲሆን፥ አጎበር ሳይዘረጋ መተኛት ግን በግቢው ሕግ የተከለከለ ነበር፤ በዚያ አገር ከወባ ትንኝ ሌላ ካላዛር የሚያመጣ ጥቃቅን የአሸዋ ዝንብ ከዋልካው ስንጥቅና ከግራር ሥር ይነሣልና።

የጥላው ሰዓት ሥራ ደግሞ ጥጥ ነበር። ጥጥ የሚዳመጠው፥ በደጋን የሚነደፈው፥ ባዘቶ የሚሆነው በዚሁ ዳስ ነው። የዳመጡት ልጆቹ ናቸው፤ ደጋኑ ለእኛ ደረሰን፤ ፈተሉ የእማሆይና የምራታቸው ሆነ። ዐይናቸው የማያይ ሴት ክሩን በጣታቸው እየለኩ፥ እንዝርቱን እያሾሩ አንድም ቀን ሳይበጥሱ ሲፈትሉ ማየት ለእኛ ለተማርን ሰዎች ብዙ ነገር አስተማረን። የሬዲዮኑ ቍጥር ያልያዘውን ልባችንን ደጋኑ ያዘው። እጅ ሥራ ሲይዝ ሐሳብ የሚያርፍበት ዕንጨት ያገኛል። በከተማ የሚኖር አንባቢያችን ጥጥና እንዝርት ላይኖረው ይችላል፤ መዝጊያ ማደስ፥ ልብስ መጣፍ፥ በርበሬ መቀንጠስ፥ የልጆችን ደብተር መስፋት ግን በየቤቱ አይጠፋም። ዋናው ነገር ማታ ሲሆን ይህን ሠራሁ ተብሎ የሚዳሰስ ነገር መኖሩ ይመስለናል።

ሬዲዮኑም ሕግ ወጣለት። ጧት አንድ ጊዜ፥ ማታ አንድ ጊዜ ይከፈታል፤ በመካከሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥን ይቀመጣል። እኛ በመጀመሪያ ተቃወምን፤ ምናልባት የሚያስፈልግ ነገር ቢነገርስ አልን። እማሆይም፥ «የሚያስፈልግ ከሆነ ማታም ይናገሩታል፤ ካልሆነም ጎረቤት ይጮኻል» ብለው ዘጉት። እንዳሉትም ሆነ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአጥሩ ሰዓት ነው። በአብርሃ ጅራ ቡና ለብቻ አይጠጣም፤ ሦስት አራት ቤት ይጠራራል። ዐዋጁ ከወጣ በኋላ ይህ ቀረ። ለወጣት ሰው የአንድ ወር ቡና መቅረት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ዐይን ለሌላቸው አሮጊት ግን የጎረቤት ድምፅ ማለት ዓለም ማለት ነው። ስለዚህ እማሆይ አንድ መላ አወጡ። በየማታው፥ የቡናው የመጀመሪያ ስኒ ሲቀዳ፥ በርጩማቸውን ይዘው እስከ አጥሩ ይሄዱና፥

«አያ፥ አላችሁ?» ብለው ይጣራሉ።

ከወዲያ ያሉት ሽማግሌ፥ «አለን፥ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተስ አላችሁ?» ይላሉ።

ከዚያም ከእርሳቸው ቀጥሎ ያለው ቤት ይጣራል፤ እንዲህ እየተባለ መንደሩን ይዞራል። እያንዳንዱ በየግቢው ቡናውን ይዞ፥ በመካከሉ እሾህ እያለ፥ ስለ ከብቱ፥ ስለ ልጁ፥ ስለ ሰሊጡ ዋጋ ይጨዋወታል። አንድ ማታ መልስ ያልሰጠ ቤት ተገኘ፤ ጎረምሳ ተልኮ በሩን ቢያንኳኳ ሰውየው ወድቀው ወገባቸውን ታመው ከአልጋ መነሣት አቅቷቸው ተገኙ። ያ ጥሪ ባይኖር ማን ያውቅላቸው ነበር?

ይህን ስናስብ በ1911 ዓ.ም. የሆነው ነገር ትዝ ይለናል። ያን ጊዜ በዓለም ሁሉ የተስፋፋው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አገራችን ገብቶ የኅዳር በሽታ ተባለ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር። የዚያን ዘመን ሽማግሌዎች ሲተርኩ፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለሚወድቅ ብዙ ሰው የሞተው በሽታው ስለ በረታበት ብቻ ሳይሆን ውሃ የሚያቀብለው ስላጣ ነው ይሉ ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ጥራጊ ሰብስበን የምናጤሰው የዚያ መታሰቢያ ነው። ጢሱን ጠብቀን አቆይተናል፤ ጎረቤት አለን ወይ ብሎ መጠየቁን ግን በብዙ ከተማ ረስተነው ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ስለ አንድ ሰው ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። በዚያ ቆላ ለእርሻ ሥራ ከደጋ የሚወርዱ ሠራተኞች ሁለት ዐይነት ናቸው። ወፈር ዘመት የሚባሉት የራሳቸው ቀዬ ያላቸው፥ አረሙና አጨዳው ሲያልቅ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ናቸው፤ ሳሉግ የሚባሉት ግን ከእርሻ ወደ እርሻ ሲዞሩ ዓመቱን እዚያው የሚያሳልፉ፥ ከጀርባ ቋጠሯቸው በቀር ቤት የሌላቸው ናቸው። «ከቤታችሁ አትውጡ» ሲባል እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከበለሳ የመጣ አንድ የሃያ ዓመት ያህል ልጅ በእህል መጋዘን በረንዳ ያድር ነበር፤ የመጋዘኑ ባለቤት በበሽታው ፍርሃት አስነሣው። እማሆይ ይህን በአጥሩ ወሬ ሰምተው አስጠሩትና በግቢው ማዶ ጥግ፥ ከእኛ ዐሥር ርምጃ ርቆ፥ ትንሽ ዳስ እንዲሠራ ፈቀዱለት። አጎበርም ተሰጠው። ምግቡ በጉቶ ላይ ይቀመጥለታል፤ እርሱም እኛ ዘወር ስንል መጥቶ ያነሣል፤ በፈንታው ውሃችንን ከጕድጓዱ ይቀዳል። ጎረቤት አጕረመረመ። እኛም፥ አንዋሽ፥ በልባችን አጕረመረምን።

በስምንተኛው ቀን ልጁ ሲንቀጠቀጥ አደረ። ጧት ሁላችንም በአንድ ዐይን ተያየን፤ ኮሮና ነው የሚል ቃል በምራትየዋ አፍ ወጣ። ልጁም ሰምቶ ነበርና ቋጠሮውን አንሥቶ ወደ ጫካው ሊሄድ ተነሣ፤ ወስደው ከማያውቀው ቤት እንዳይዘጉበት ፈርቶ ነው። እማሆይ ከሩቅ ተጣሩና፥

«ተቀመጥ፤ አንተ ልጅ! እኔ በዚህ አገር ስድሳ ዓመት ኖሬ ስንት ንዳድ አይቻለሁ። ንዳድም ቢሆን ሌላም ቢሆን ጫካ ሐኪም የለውም» አሉት።

የጤና ባለሙያ ተጠርታ አፏን በጭምብል ሸፍና መጣች፤ ከጣቱ ደም ወሰደች፤ ወባ ሆኖ ተገኘ። የወባውን መድኃኒት በሦስት ቀን ጨረሰና ዳነ። በዚያ ሰሞን ከኮሮና ይልቅ ኮሮና ነው እንባላለን ብለው ትኵሳታቸውን የደበቁ ሰዎች ይበልጡ ነበር፤ በዚያ ቆላ ደግሞ የተደበቀ ወባ ይገድላል። በቤት መከተት ማለት በሽታን በቤት መደበቅ ማለት እንዳልሆነ ያን ቀን ገባን።

ከዚህ በኋላ የምንጽፈው የራሳችን ጥፋት ነው። በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ስልክ ተደወለ። የእማሆይ ልጅ ከሌሎች ብዙ ስደተኞች ጋራ ከገዳሪፍ ተነሥቶ መተማ ዮሐንስ ደርሷል፤ ከሱዳን የሚመለስ ሁሉ 14 ቀን ተለይቶ እንዲቀመጥ ስለ ታዘዘም በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀምጧል። አጠገቡ ከተኙት አንዱ በሽታው ተገኝቶበት ተወስዷል። ምራቲቱ አለቀሰች፤ እኛም ተመካከርንና እማሆይ እስከ ፋሲካ እንዳይሰሙ ወሰንን። ጾሙ አለ፥ ሙቀቱ አለ፥ ዕድሜያቸው አለ፤ ምን ይሁን ብለን ጭንቀት እንጨምርባቸዋለን አልን። ለእርሳቸው አዝነን ያደረግነው መስሎን ነበር።

መተማ ለእማሆይ ተራ ስም አልነበረም። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ ከደርቡሾች ጋራ ሲዋጉ ቆስለው አርፈዋል፤ ከተማይቱም ስማቸውን ይዛለች። የአርማጭሆ እናቶች መተማ ሲባል አንድ ነገር በልባቸው ይነሣል።

ምስጢሩ አንድ ቀን እንኳ አላደረም። በግቢው ሹክሹክታ ገባ፤ እማሆይ ሲቀርቡ ወሬ ይቋረጣል። ዐይን የሌለው ሰው ዝምታን ይሰማል። ረቡዕ ማታ ከጾሙ ሲፈቱ የቀረበላቸውን ሽሮ አልነኩም፤ ኀሙስም እንዲሁ፤ በቀትር ሙቀት ከንፈራቸው እየደረቀ ውሃ አልቀመሱም። የሕማማት ትጋት ነው አልን። በዓርብ ስቅለት ጧት የነፍስ አባታቸው ወደ ቤት ስለማይገቡ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሲጠይቋቸው፥ እማሆይ እንዲህ ሲሉ ሰማን፤

«አባቴ፥ ልጄ ሞቷል። እነዚህ ደብቀውኛል።»

በምን ቃል እንደምንመልስ ጠፋን። ተንበርክከን እውነቱን ሁሉ አወጣን። ጥቂት ዝም አሉና፥ «ሕያው ነው?» አሉ። «ሕያው ነው፤ ትላንትም ተናግሯል» አልናቸው። «ታዲያ እኔን ለምን ቀበራችሁኝ?» አሉን። የነፍስ አባታቸውም ከአጥሩ ወዲያ ሆነው፥ ለደከመና ለታመመ ሰው በጾም ቀንም ውሃ መጠጣት እንዳልተከለከለ ነግረው አዘዟቸው፤ እርሳቸውም ታዘዙ። ሰውን ከክፉ ወሬ ለመጠበቅ ብለን ወሬውን ሁሉ ስንነሣው ባዶውን ቦታ የሚሞላው ከእውነቱ የከፋ ነገር ነው። ይህን በመጽሐፍ አንብበነው ይሆናል፤ ያወቅነው ግን በዚያ አጥር ሥር ነው።

ስቅለቱን በዳሱ ውስጥ ሰገድን። ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ አሳስባ ነበርና፥ ካህናቱ ጥቂት ሆነው በውስጥ ሲያገለግሉ እኛ ከሩቅ የምንሰማው ደወሉን ብቻ ነበር። እማሆይ ስግደታቸውን በመቍጠሪያ ይቈጥራሉ፤ ሳሉጉ ልጅ በግቢው ማዶ ለብቻው ይሰግዳል። ዕጣን ታጠነ። አንባቢዎቻችን በየአጥቢያቸው የሚሸቱት ዕጣን ብዙው ከዚሁ ከመተማ፥ ከቋራና ከአርማጭሆ ቆላ የሚወጣ መሆኑን ሁሉም ላያውቁ ይችላሉ። በበጋው ወራት የዕጣኑን ዛፍ ቅርፊት በትንሽ መሣሪያ ያቈስሉታል፤ ከቍስሉ የሚወጣው ወተት መሳይ ፈሳሽ ሲደርቅ ተለቅሞ ይሸጣል። ይህን የሚለቅሙት ሰዎች በበረሃው ውስጥ ወር ከወር ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው። ስለ እነርሱ ያን ዕለት አሰብን።

የዋልድባን መነኮሳትም አሰብን፤ ገዳማቸው ከዚያ ቆላ ብዙ የሚርቅ አይደለም። አንዳንድ ሰዎች በዚያ ሰሞን ሁላችንም መናንያን ሆነናል እያሉ ሲናገሩ ሰምተናል። እኛ ይህን አባባል አልወደድነውም። መነኵሴው ወዶ ገብቷል፤ እኛን ዐዋጅ አስገባን። የሚመሳሰለው አንድ ነገር ቢኖር የሰዓታት ሥርዐት ነው፤ እርሱም ቢሆን መነኵሴው በአበው ትእዛዝ የተቀበለው፥ እኛ ግን ከአንዲት አሮጊት የለመንነው ነው።

ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ። ቅርጫ አልተጣለም፤ በየቤቱ ዶሮ ታረደ፤ በአጥሩ ሰዓት ግን የመንደሩ ድምፅ ከወትሮው ሦስት ዕጥፍ ነበር። ከእሑድ ጀምሮ ልጁ በየማታው በአጥሩ ሰዓት ከመተማ እንዲደውል ተስማማን። እማሆይ ስልኩን በጆሯቸው አስጠግተው፥ «አለህ?» ይላሉ፤ እርሱም «አለሁ» ይላል። ከዚያ የበላውን አንድ በአንድ ይቈጥርላቸዋል። ልጁ ኋላ እንደ ነገረን፥ በዚያ ትምህርት ቤት ወለል ላይ ሲተኛ ቀኑን የሚያሻግረው ይህች ጥሪ ነበረች፤ ጧት ሲነሣ ማታ ለእናቱ የሚነግረውን ነገር ይፈልግ ነበር።

ወረርሽኙ ከዚያ በኋላም ብዙ ቈየ። በአገራችን ከ7,500 በላይ ሰዎች በኮሮና መሞታቸው ተመዝግቧል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታው ማብቃቱን የተናገረው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር የሱዳን ጦርነት ተነሥቶ በመተማ በኩል ሌላ የስደተኛ ጎርፍ ይገባ ነበር፤ ጥቂት ቈይቶም ኮሌራ ተከተለ። የዚያ ቆላ ሰው ዕረፍት አላገኘም። የእማሆይ ዐይንም መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ጎንደር ታይቶ አንደኛው በርቷል፤ ሁለተኛው ዘግይቷል ተባለ።

ልጁ የመጣው ሚያዝያ 21 ቀን ከቀትር በኋላ ነበር። 14ቱን ቀን ፈጽሞ፥ ጤነኛ ነህ የሚል ወረቀት ተሰጥቶት፥ ለተመላሾች በተዘጋጀ መኪና መጣ። በእሾሁ በር ውጭ ቆሞ አልገባም አለ፤ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ለእኛ ያሳያል፤ ለእናቱ ወረቀት እንደማይረዳ የረሳው ይመስላል። ልጆቹ አባታቸውን አይተው ሊሮጡ ሲሉ እናታቸው በቀሚሳቸው ያዘቻቸው። ማንም ቃል ሳይናገር እማሆይ እንዝርታቸውን አስቀመጡ፤ በርጩማቸውንም ይዘው እንደ ማታው ልማድ ወደ አጥሩ ሄዱ።

«አለህ?» አሉ።

«አለሁ፥ እናቴ።»

«ምሳ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«እንግዲያ እጅህን ታጠብና ግባ» አሉና ለምራታቸው ውሃ እንድታቀርብ ነገሯት።